የጾም ማዕድና የመገጣጠሚያ ሕመም

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሕመምና ስለ አንድ ማዕድ ላወጋችሁ ተነሥቻለሁ። ሕመሙ ጣትን የሚያጐብጥ፣ ጉልበትን የሚያስር፣ ባለሙያን ሰው ከሙያው የሚያለያይ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። ማዕዱም ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የማይገኝበት፣ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የጾም ማዕድ ነው። ይህ ማዕድ ለዚያ ሕመም ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ጥቅሙም የት ላይ እንደሚያበቃ ለመግለጽ እሞክራለሁና በጥሞና እንድታዳምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩን ከቅርብ ዘመዴ ልጀምር። በደብረ ብርሃን የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ዕድሜያቸው ወደ 50 ዓመት በተጠጋ ጊዜ፣ ጧት ከመኝታቸው ሲነሡ እጃቸው አልታዘዝ ይላቸው ጀመር። ጣቶቻቸው ያብጣሉ፤ አንጓዎቻቸው ይግላሉ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ለመጨበጥ እንኳ ይሳናቸዋል። እንጀራ ለመጋገር ምጣድ የሚጥዱት ፀሐይ ሞቅ ብላ እጃቸው እስኪፍታታ ድረስ ቆይተው ነበር። ጎረቤት ሁሉ «ብርድ ነው፤ ሲሞቅ ይለቅዎታል» አለ። እርሳቸውም እንደ አገሩ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለብርዱ ሰጥተው፣ በወጌሻ እየታሹና ቅቤ እየተቀቡ አንድ ዓመት ያህል ከረሙ። በመጨረሻ ልጆቻቸው ግድ ብለዋቸው ወደ ሐኪም ቢሄዱ፣ ደማቸው ተመረመረ፣ እጃቸውም ራጅ ተነሣ። ሐኪሙም «እናቴ፣ ይህ የብርድ ሕመም አይደለም፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል በሽታ ነው» አላቸው።

በአማርኛችን «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት ሕመም ይሰጣል፤ ሐኪሞች ግን ለያይተው ያዩታል። አንደኛው፣ ዩሪክ አሲድ የተባለው ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ የሚመጣውና ይልቁንም የእግርን አውራ ጣት በድንገት የሚያቃጥለው ነው። ሁለተኛው በዕድሜና በድካም ብዛት መገጣጠሚያው ሲያረጅ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው አክስቴን የያዛቸው ነው፤ የዚህም ጠባዩ ከሁለቱ የተለየ ነው። ቀኝና ግራውን እጅ ወይም እግር በአንድነት ይይዛል። ከትልልቆቹ ይልቅ ትንንሾቹን አንጓዎች ያስቀድማል። ጧት ጧት ሰውነትን ያደርቃል፤ ይህም ድርቀት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከሕመሙ ጋር ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይከተላል።

የበሽታውን ምክንያት በምሳሌ ላስረዳ። ሰውነታችን ከውጭ የሚገቡትን ተሐዋስያን የሚዋጋበት የመከላከያ ኃይል አለው። ይህ ኃይል ግቢን እንደሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ወዳጅና ጠላትን መለየት ተስኖት የቤቱን ልጆች «ሌቦች ናችሁ» ብሎ ቢደበድብ ግቢው ምን ይሆናል? በዚህ በሽታ የሚደርሰው ይኸው ነው። የመከላከያው ኃይል የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፤ ውሎ አድሮም በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለውን ለስላሳ ክፍል፣ ቀጥሎም አጥንቱን ራሱን ይበላዋል። አንድ ጊዜ የተበላ አጥንት ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ይኖሩ ነበር፤ ከመቶውም 70 ያህሉ ሴቶች ነበሩ።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። ሐኪሙ ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን አዘዘላቸው። ይህም የሆነው በታኅሣሥ ወር ነበር። አክስቴ ኪኒኑን እየዋጡ ሳሉ የካቲት ገባ፤ ዐቢይ ጾምም ተያዘ። እንደ ልማዳቸው ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ተልባውን ብቻ እየተመገቡ 55ቱን ቀን ጾሙ። በጾሙ መካከልም እጃቸው ቀለለላቸው፤ ጧት ተነሥተው ለመጋገር ቻሉ። ለበዓለ ትንሣኤ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ በደስታ እጃቸውን ከፍተው አሳዩኝና «ልጄ፣ ያዳነኝ ጾሙ ነው፤ ኪኒኑንስ ጣልሁት» አሉኝ። እኔም ስላላወቅሁ «እሰይ፣ እትዬ» ብዬ ከደስታቸው ተካፈልሁ። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድመን ግን የአክስቴ ንግግር እውነትነት አለው ወይስ የለውም ብለን እንጠይቅ።

አድማጮቼ ሆይ፤ እውነትነትስ አለው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የኖርዌይ ሐኪሞች ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። በዚህ በሽታ የተያዙ 53 ሰዎችን በሁለት ከፍለው፣ 26ቱ የለመዱትን ምግብ እንዲበሉ ተዉአቸው። የቀሩት 27ቱ ግን በመጀመሪያ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ የቅጠላ ቅጠል ሻይ፣ የአትክልት መረቅ፣ የካሮትና የቀይ ሥር ጭማቂ ብቻ እየወሰዱ ቆዩ። ከዚያም ለ3 ወር ተኩል ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ፣ ስንዴንም ጭምር ትተው በተክል ምግብ ኖሩ፤ በኋላ ወተትና የወተት ዘር ጥቂት በጥቂት ተጨመረላቸው። ከ4 ሳምንት በኋላ ሲመረመሩ በተክል ምግብ የኖሩት ሰዎች ሕመማቸው፣ የሚታመሙትና የሚያብጡት አንጓዎቻቸውም ብዛት ቀንሶ ተገኘ። ይህም መሻሻል ከዓመት በኋላ አልጠፋም።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2001 እንዲሁ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በስዊድን አገር ሌላ ጥናት ታተመ። በዚህ ጥናት ከገቡት 66 ሕመምተኞች 38ቱ የእንስሳት ተዋጽኦና ግሉተን የሌለበት ምግብ እንዲበሉ ተመደቡ። ግሉተን ማለት ስንዴንና ገብስን ከመሳሰሉት እህሎች የሚገኝ፣ የስንዴን ሊጥ ሲለጠጥ የሚያያይዘው ነገር ነው። ሕመምተኞቹ አትክልትና ሥራ ሥር፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝን የመሳሰሉ ፍሬዎች፣ ዳጉሳን የመሳሰሉ ጥቃቅን እህሎች፣ በቆሎ፣ ሩዝና ሱፍ ይመገቡ፣ የሰሊጥ ወተትም ይጠጡ ነበር። ከእነርሱ መካከል 9 ወር የቆዩት 22 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አመጋገቡ ከብዷቸው ወይም በሌላ ምክንያት አቋረጡ። ከ22ቱ 9 ሰዎች ጉልህ የሆነ መሻሻል ሲያገኙ፣ የተለመደውን ምግብ ከበሉት 25 ሰዎች ግን ይህን ያህል የተሻለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እወዳለሁ። ለስዊድን ሰው እንግዳና አስቸጋሪ የሆነው ይህ አመጋገብ ለእኛ የቆየ ልማድ ነው። ጾሙን ሁሉ የሚጠብቅ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን በዚህ ማዕድ ይኖራል። ጾሙን የማይጾም የሌላ እምነት ወገናችንም ቢሆን ሽሮውንና ምስር ወጡን፣ ጎመኑንና ሱፍ ፍትፍቱን አይስተውም። ግሉተንን በሚመለከት ደግሞ ጤፋችን ግሉተን የሌለው እህል ነው። ይሁን እንጂ ከገበያ የሚገዛው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎበት ይሆናልና፣ ሐኪም ግሉተን የከለከለው ሰው ጠይቆ መግዛት ይገባዋል። ለሕመምተኛ ሁሉ ግን ስንዴን መተው ግዴታ ነው የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም።

የተክል ምግብ ይህን የሚያደርገው በምን ምክንያት ነው? በአንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ይኖራሉ። ጥራጥሬ፣ እህልና አትክልት ስንበላ ሆዳችን የማይፈጨው ገለባማ ክፍል ለእነርሱ ምግብ ይሆናል፤ እነርሱም በፈንታው የሰውነትን ቁጣ የሚያበርዱ ነገሮችን ያወጣሉ። ደግሞም በዚህ ማዕድ የሚኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ክብደት ሲቀንስ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያርፋሉ፣ ከስብ የሚመነጨውም ቁጣ ይለዝባል። በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመው የአምስተርዳም ከተማ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። በዚያ ያሉ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን እንደያዙ ለ16 ሳምንት በተክል ምግብ፣ በሰውነት እንቅስቃሴና በአእምሮ ዕረፍት ቢቆዩ፣ በሽታቸው ይህን ካላደረጉት ይልቅ ረግቦ ተገኝቷል።

እስከዚህ ድረስ አክስቴ ትክክል ነበሩ። ነገር ግን የእነዚህ ጥናቶች ሌላ ገጽ አለ፤ የዛሬው ንግግሬም ዋና ቁም ነገር እርሱ ነው። የስዊድን ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸው ተሻለን ባሉ ጊዜ በዚያ ብቻ ረክተው አልተቀመጡም፤ እጅና እግራቸውን ራጅ አንሥተው ተመለከቱ። በዚያም የተክል ምግብ የአጥንቱን መበላት እንዳዘገየው የሚያሳይ ምልክት አላገኙም። ሕመም መቀነሱ አንድ ነገር ነው፤ አጥንት መዳኑ ሌላ ነገር ነው። እሳቱ ጭሱን ቢቀንስም ከሥር ፍሙ ሊነድ ይችላል። የመገጣጠሚያውን መፍረስ የሚገቱት ሜቶትሬክሴትን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ናቸው፤ ይህንንም በይበልጥ የሚያደርጉት ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲወሰዱ ነው። ከዚህም ሌላ ጥናቶቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ የሚበላውን የማያውቅ በላተኛ የለምና፣ ተስፋ ብቻውን ያመጣውን መሻሻል ከምግቡ ሥራ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ስለዚህ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2022 ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ ሕመምተኞች የመከረው አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት የሚበዛበትን የሜዲትራኒያን አገሮች ዓይነት አመጋገብ ነው፤ እርሱንም ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ፈንታ አላለም።

የአክስቴ ስሕተት እንግዲህ ምን ነበር? ሜቶትሬክሴት ዛሬ ተውጦ ነገ የሚያሽል ኪኒን አይደለም። ሥራው የሚታወቀው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ነው። በታኅሣሥ የጀመሩት መድኃኒት ሥራው የታየው በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። ጾሙ ረድቷቸው ይሆናል፤ አልረዳቸውም አልልም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች የተሸከሙትን ሸክም አንዱ ብቻ የተሸከመው መስሎ ታያቸውና ሁለተኛውን አሰናበቱት። በክረምቱ ሕመሙ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። አክስቴም «ጾሙ ሲመጣ ይለቀኛል» እያሉ የፍልሰታን ጾም ጠበቁ፤ ፍልሰታም መጥቶ አለፈ። ወደ ሐኪም የተመለሱት በመስከረም ነው። በነዚያ ወራት ውስጥ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ወደ ጎን ጎበጡ፤ እስካሁንም አልተቃኑም። እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡን ለማዞር የሚያንሡት በግራ እጃቸው ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ በሽታ ጋር የምትኖሩ ወይም የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ብትኖሩ፣ ማዕዱንና መድኃኒቱን አስማምታችሁ እንድትይዙ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮች ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፣ የጾም ምግብ ሁሉ የጤና ምግብ አይደለም። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ብስኩት፣ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ከሥጋና ከቅቤ ነጻ ናቸው፤ ለአንጓ ግን አይበጁም። የሚጠቅመው ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር፣ ከእነርሱም ጋር የጤፍ እንጀራ ነው። ዘይቱን መጥኖ፣ ጨውን ቀንሶ መሥራት ይገባል። ተልባም ቁጣን በማብረድ የሚታወቀው የስብ ዓይነት ስላለው መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ያልፋልና ተፈጭቶ ይጠጣ።

ሁለተኛ፣ በተክል ምግብ ውስጥ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቢ 12 የተባለው ቫይታሚን ነው። በጾም ወራት የቀረው በፍስክ ጊዜ ሊተካ ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ተለይቶ ለመኖር የቈረጠ ሰው ግን ቢ 12ን በኪኒን ወይም በመርፌ መውሰድ አለበት። አለዚያ ደም ያንሰዋል፤ እጅና እግሩም ይደነዝዛል፤ ይህንንም የቁርጥማቱ ክፋት ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ደም ማነስ ያለበት ሰው ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉና። ሎሚ ግን ይህንኑ ብረት ወደ ሰውነት በማስገባት ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠው ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። የጉበትና የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልገዋል። አረቄውንና ጠላውን መተው ወይም እጅግ መቀነስ ይገባል። ሐኪሞች ከእርሱ ጋር ፎሊክ አሲድ ያዛሉ፤ ጎመንና ምስር ይህ ንጥረ ነገር አላቸው፣ ነገር ግን ኪኒኑን አይተኩም። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት፣ መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

አራተኛ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሕመምተኛ ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉትን የሕመም ማስታገሻዎች በባዶ ሆዱ አይዋጥ፤ ጨጓራን ያቈስላሉ፣ ያደማሉም። ፕሬድኒሶሎንን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰውም «ጾም ገባ፣ ተሻለኝ» ብሎ በድንገት አያቋርጠው፤ ብርቱ ጉዳት ያመጣልና በሐኪም ትእዛዝ ጥቂት በጥቂት ይቀንሰው። ኖርዌያውያኑ እንዳደረጉት ለብዙ ቀን እህል ሳይቀምሱ መቆየትም ያለ ሐኪም ክትትል የሚሞከር ነገር አይደለም። መጾም የማይችል ሕመምተኛ ከነፍስ አባቱ ጋር ቢመካከር መልካም ነው።

በመጨረሻም፣ ጧት ጧት እጅ የሚደርቅበት፣ ሁለቱም እጆች በአንድነት የሚያብጡበት ሕመም 6 ሳምንት ካለፈው፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትጠብቁት። ዛሬ ሲታዩት ትንሽ የሚመስል እብጠት ለነገ ጎባጣ ጣት ይሆናል። የሚያጨስም ሰው ቢኖር ሲጋራውን ይጣል፤ ሲጋራ ይህን በሽታ እንደሚያመጣና እንደሚያከፋ በብዙ ጥናት ታውቋል።

አክስቴ ዛሬ ደኅና ናቸው። በፍስክም ጊዜ ቢሆን ማዕዳቸው አብዛኛውን ቀን ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ተልባ ነው፤ እጃቸው ቀሎኛል ይላሉ። ኪኒኑን ግን ከዚያ ወዲያ አንድም ሳምንት አላስተጓጐሉም። ሐኪሙ «በሳምንት የትኛው ቀን ይሻልዎታል?» ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ ያለ ማመንታት ረቡዕን መረጡ። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነች አትረሳም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምሳቸውን ይበላሉ፤ ከምሳው በኋላ ኪኒናቸውን ይውጣሉ። እኔም ረቡዕ በመጣ ቁጥር ስልክ ደውዬ «እትዬ፣ ዋጡ?» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «ማዕዱንም በልቻለሁ፣ ኪኒኑንም ውጫለሁ፤ አንተ ሥራህን ሥራ» ይሉኛል።